አረንጓዴ የመንግሥት ግዥ በተግባር መዋሉ የሚታወቀው እንዴት ነው?

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በየበጀት ዓመቱ ከወረቀትና ከፕሪንተር ቀለም ጀምሮ እስከ ተሽከርካሪ፣ ከመድኃኒት ማቀዝቀዣ እስከ ሕንፃና መንገድ ግንባታ ድረስ እጅግ ብዙ ዕቃና አገልግሎት ይገዛሉ። መንግሥት በየትኛውም አገር ከፍተኛው ደንበኛ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች የመንግሥት ግዥ ከጠቅላላው የአገር ውስጥ ምርት 14 በመቶ ገደማ እንደሚደርስ የኅብረቱ ኮሚሽን ይገልጻል። ብዙው የልማት በጀት በመሠረተ ልማት ላይ በሚውልባቸው ታዳጊ አገሮች ደግሞ መንግሥት በገበያው ላይ ያለው ድርሻ በቀላሉ የሚታይ አይደለም።

ከዚህ የተነሣ መንግሥት የሚገዛበት መንገድ ገበያውን የመምራት ኃይል አለው። መሥሪያ ቤቶች ኃይል ቆጣቢ መብራትን ብቻ መግዛት ሲጀምሩ አስመጪዎችና አምራቾችም ያንኑ ማቅረብ ይጀምራሉ፤ ዋጋውም ቀስ በቀስ ለግለሰብ ሸማቹ ጭምር ይቀንሳል። አረንጓዴ የመንግሥት ግዥ የሚባለውም ግዥ ፈጻሚ አካላት ተመሳሳይ ተግባር ከሚሰጡ ዕቃዎችና አገልግሎቶች መካከል፣ ከጥሬ ዕቃው አንሥቶ አገልግሎቱን ጨርሶ እስከሚወገድበት ጊዜ ድረስ በአካባቢ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ የሆነውን ለመምረጥ የሚከተሉት አሠራር ነው።

ትርጉሙ ይህን ያህል ቀላል ነው። አስቸጋሪው አሠራሩ በተግባር መዋሉን ማረጋገጥ ነው። ስለ አካባቢ ጥበቃ የሚናገር ዓላማ በአንድ መሥሪያ ቤት ስትራቴጂክ ዕቅድ ውስጥ በጉልህ ሰፍሮ፣ የዚያው መሥሪያ ቤት የቅርብ ጊዜ የጨረታ ሰነድ ግን ስለ ኃይል ፍጆታ አንዲት መስመር እንኳ የሌለው ሊሆን ይችላል። ዕቅዱን ያዘጋጀው አንድ ክፍል፣ ዝርዝር መግለጫውን የጻፈው ሌላ ክፍል፣ ዕቃውን የተረከበው ደግሞ ሦስተኛ ወገን ነው። በእነዚህ መካከል ያለውን ክፍተት ለማየት መንግሥታት ከሚጠቀሙባቸው መንገዶች አንዱ የመንግሥት አካላትን በቀጥታ መጠየቅ፣ ማለትም የዳሰሳ ጥናት ማካሄድ ነው።

የአውሮፓው ዳሰሳ ያሳየው

በዚህ ረገድ ከተካሄዱት ጥናቶች መካከል ብዙ ትምህርት የሚገኝበት የአውሮፓ ኅብረት ያደረገው ነው። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ሰነድ፣ እስከ 2010 ድረስ ከመንግሥት ግዥ ሂደቶች 50 በመቶ የሚሆኑት አረንጓዴ እንዲሆኑ ግብ አስቀመጠ። ግቡ አስገዳጅ አልነበረም። አረንጓዴ የሚለው ቃል እንደየሰው አተረጓጎም እንዳይለያይም ለ10 የምርትና የአገልግሎት ዓይነቶች፣ ከእነዚህም መካከል ለጽዳት፣ ለግንባታ፣ ለኤሌክትሪክ፣ ለምግብ አቅርቦት፣ ለቢሮ ኮምፒውተሮች፣ ለወረቀት፣ ለትራንስፖርትና ለቢሮ ዕቃዎች፣ ቁልፍ መስፈርቶች ተዘጋጁ።

ጊዜው ሲደርስ ኮሚሽኑ የውጭ አጥኚዎችን አሰማርቶ የኅብረቱን አገሮች ግዥ ፈጻሚ አካላት በመጠይቅ አስዳሰሰ። ከ850 የሚበልጡ አካላት ምላሽ ሰጡ። በውጤቱ መሠረት በ2009 እና በ2010 ከተፈረሙት፣ በጥናቱ ከተጠየቁት የመጨረሻ ውሎች ውስጥ ሁሉንም ቁልፍ መስፈርቶች ያካተቱት 26 በመቶ ብቻ ነበሩ። ከመስፈርቶቹ ቢያንስ አንዱን ያካተቱት ግን 55 በመቶ ደርሰዋል።

እነዚህ ሁለት ቁጥሮች ከአንድ ጥናት፣ ከአንድ መጠይቅ የተገኙ ናቸው። የመጀመሪያው ተወስዶ ግቡ በግማሽ ያህል ብቻ ተሳካ ማለት ይቻላል፤ ሁለተኛው ተወስዶም ግቡ ታለፈ ማለት ይቻላል። አንድ መሥሪያ ቤት “አረንጓዴ ግዥ ፈጽሜያለሁ” ሲል አንድ መስፈርት ማስገባቱን ይሁን ሁሉንም ማሟላቱን በግልጽ ካላወቁ፣ በመቶኛ የሚቀርበው ቁጥር ብዙ የሚናገር መስሎ ጥቂት የሚናገር ይሆናል። የአውሮፓ ጥናት አዘጋጆች ሁለቱንም ውጤቶች ጎን ለጎን ማውጣታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

በአገሮች መካከል የታየውም ልዩነት ሰፊ ነበር። ቤልጂየም፣ ዴንማርክ፣ ኔዘርላንድስና ስዊድን ከፊት ሲገኙ በብዙ ሌሎች አገሮች ሁሉንም ቁልፍ መስፈርቶች ያሟሉት ውሎች ከ20 በመቶ በታች ነበሩ። ጥናቱ ያነሣው ሌላ ጉዳይ ደግሞ ከአውሮፓ ውጪም የሚታወቅ ነው፤ አብዛኞቹ ምላሽ ሰጪዎች አሸናፊውን የሚለዩት በዋነኛነት በመግዣ ዋጋ እንጂ ዕቃው በአገልግሎት ዘመኑ ሁሉ በሚያስወጣው ጠቅላላ ወጪ አልነበረም።

ስለ አመለካከት ሳይሆን ስለ ውል መጠየቅ

አንድን የግዥ ኃላፊ “መሥሪያ ቤትዎ በግዥ ወቅት ለአካባቢ ጥበቃ ትኩረት ይሰጣል ወይ?” ብሎ መጠየቅ መልሱን አስቀድሞ መንገር ነው። “አይሰጥም” ብሎ ፈርሞና ማኅተም አድርጎ የሚልክ መሥሪያ ቤት አይኖርም። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚለካው መልካም ምኞትን ነው።

ጠቃሚው ጥያቄ ወደ አንድ የተወሰነ ግዥ የሚወስድ ነው። መሥሪያ ቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ ኮምፒውተር የገዛው መቼ ነው? በቴክኒክ ዝርዝር መግለጫው ውስጥ የኃይል ፍጆታን የሚመለከት መሥፈርት ነበረ? ከነበረስ የግዴታ ነበር ወይስ ነጥብ የሚያሰጥ? አቅራቢው ያንን ያረጋገጠው በምን ማስረጃ ነው? ምላሽ ሰጪው እነዚህን ለመመለስ ፋይሉን ማውጣት አለበት። የመጨረሻው ውል መመረጡም ያለ ምክንያት አይደለም። መሥሪያ ቤቱ በራሱ ምርጫ ምሳሌ እንዲያቀርብ ቢጠየቅ የሚያቀርበው የሚኮራበትን ስለሆነ የተለመደው አሠራር ሳይታይ ይቀራል። የመጨረሻው ውል ግን እንዳጋጣሚ የወጣ ናሙና ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ብዙ መጠይቆች የሚዘነጉት ስለ ርክክብ ነው። በጨረታ ሰነዱ የተጻፈው መስፈርት ዕቃው ግምጃ ቤት ሲደርስ ተረጋግጧል? በኢትዮጵያ አሠራር ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት የዕቃው ዓይነት፣ ብዛትና ጥራት ከውሉ ጋር ይመሳከራል። በውሉ ላይ ሁለት ወገን የሚያትም ፕሪንተር ተብሎ፣ የቀረበው በአንድ ወገን ብቻ የሚያትም ቢሆን፣ አረንጓዴው መስፈርት በወረቀት ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የጽዳት አገልግሎትን በመሰለ ግዥ ደግሞ ማረጋገጡ ይበልጥ ይከብዳል፤ በውሉ የተጠቀሰው የጽዳት ኬሚካል ከ6 ወር በኋላም እየቀረበ መሆኑን የሚከታተል ሰው ያስፈልጋልና።

የቁጥርና የገንዘብ ልዩነትም በመጠይቁ ሊታይ ይገባዋል። አንድ መሥሪያ ቤት በዓመት 40 ግዥዎችን ፈጽሞ 30ዎቹ አረንጓዴ ቢሆኑ በቁጥር 75 በመቶ ያስመዘግባል። ቀሪዎቹ 10 ግን ሕንፃና ተሽከርካሪ ከሆኑ አብዛኛው በጀቱ የወጣው ያለ ምንም የአካባቢ መስፈርት ነው።

ርካሽ የሚመስለው ዕቃና የኦዲት ሥጋት

የግዥ ባለሙያዎች አረንጓዴ ግዥን የማይደፍሩት ስለ አካባቢ ግንዛቤ ስለሌላቸው ነው ተብሎ በብዛት ይታሰባል። የሥልጠና ዕቅዶችም ከዚህ አስተሳሰብ ይነሣሉ። እውነታው ግን ከዚህ የተለየ ሊሆን ይችላል።

ለምሳሌ ያህል የቢሮ መብራትን ማየት ይቻላል። በዓመት 250 የሥራ ቀናት፣ በቀን 8 ሰዓት የሚበራ መብራት 2,000 ሰዓት ይሠራል። 36 ዋት የሚወስድ ፍሎረሰንት በዚህ ጊዜ ውስጥ 72 ኪሎዋት ሰዓት ሲፈጅ፣ እርሱን ሊተካ የሚችል 18 ዋት የኤልኢዲ መብራት 36 ኪሎዋት ሰዓት ይበቃዋል። 500 መብራቶች ባሉት ሕንፃ ልዩነቱ በዓመት 18,000 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ፍሎረሰንቱ ሜርኩሪ ስላለበት ሲቃጠል እንደ ተራ ቆሻሻ የማይጣል መሆኑ ደግሞ ሌላ ወጪ ነው።

ሒሳቡ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ባለሙያው ግን በፕሮፎርማው ላይ ዝቅተኛ ዋጋ የተጻፈበትን ይመርጣል። ምክንያቱም የመግዣው ዋጋ የሚወጣው ከአንድ የበጀት ርዕስ፣ የኤሌክትሪክ ክፍያው የሚወጣው ከሌላ ነው፤ ቁጠባው በሚመጣው ዓመት ቢታይም በማንም ስም አይመዘገብም። በሌላ በኩል ከፍ ያለ ዋጋ የከፈለ ባለሙያ “ርካሹ እያለ ውዱ ለምን ተገዛ?” የሚል የኦዲት ጥያቄ ሊገጥመው ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የሕዝብ ገንዘብ ነውና መጠየቅ አለበት። ነገር ግን ባለሙያው መልሱን የሚያስደግፍበት፣ የዕድሜ ዘመን ወጪ እንዴት እንደሚሰላ የሚያሳይ የጸደቀ ቀመር ከሌለው ራሱን ለመከላከል ርካሹን መግዛቱ የሚጠበቅ ነው።

በኢትዮጵያ የግዥ ሕግ ሥር የሰደደ አንድ መርህ እዚህ ላይ ይነሣል፦ ተጫራቾች የሚገመገሙት በጨረታ ሰነዱ በተገለጹት መስፈርቶች ብቻ ነው። ስለዚህ የኃይል ፍጆታ በሰነዱ ውስጥ አስቀድሞ መስፈርት ሆኖ፣ የሚሰጠው ነጥብ ወይም የሚሰላበት መንገድ ተገልጾ ካልወጣ፣ ጨረታው ከተከፈተ በኋላ ማንም ሊያነሣው አይችልም። ሕጉ ከወጣው ገንዘብ ተመጣጣኝ ጥቅም እንዲገኝ ማዘዙ ግን ለዕድሜ ዘመን ወጪ በር የሚከፍት ነው። ከአዋጅ ቁጥር 649/2001 ጀምሮ ይህ መርህ በሕጉ ውስጥ ሰፍሮ ቆይቷል፤ ዝቅተኛ የመግዣ ዋጋና ተመጣጣኝ ጥቅም አንድ አይደሉም።

እንግዲህ ጥሩ መጠይቅ እንቅፋቱ የት እንዳለ መለየት አለበት። ምላሽ ሰጪዎቹ የዕውቀት ማነስን ከጠቀሱ መፍትሔው ሥልጠና ነው። የኦዲት ሥጋትን ከጠቀሱ ሥልጠና አይፈውሰውም፤ የሚያስፈልገው ኦዲተሩም የሚቀበለው መመሪያና የሒሳብ ቅጽ ነው። ገበያው ላይ ዕቃው የለም ካሉ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ንግድና ኢንዱስትሪ ፖሊሲ ይሻገራል። መሥሪያ ቤቶች ለመታየት ያህል “ችግር የለም” ብለው ከመለሱ ግን የመንግሥት ገንዘብ ለተሳሳተው ሕመም መድኃኒት ይገዛል።

የአነስተኛ አቅራቢዎች ጉዳይም በዚሁ መጠይቅ መነሣት አለበት። አንድ የጨረታ ሰነድ አቅራቢዎች አይኤስኦ 14001 የተባለውን የአካባቢ አያያዝ ሥርዓት የምስክር ወረቀት እንዲያቀርቡ በግዴታ ቢጠይቅ፣ በማኅበር ተደራጅተው የቢሮ ወንበርና ጠረጴዛ የሚሠሩ ወጣቶች ገና ሳይወዳደሩ ከውድድር ይወጣሉ። ምስክር ወረቀቱን ለማግኘትና ለማቆየት የሚወጣው ገንዘብ ከአቅማቸው በላይ ነው። ከምስክር ወረቀቱ ይልቅ ዕቃው ራሱ ሊያሟላ የሚገባውን መጠየቅ፣ ለምሳሌ እንጨቱ ከየት እንደመጣ፣ ቀለሙ ምን እንደያዘ፣ ዕቃው ሲሰበር ሊጠገን መቻሉን፣ ያንኑ ዓላማ ማንንም ሳያገልል ያሳካል። ስለዚህ መጠይቁ አረንጓዴ መስፈርት በገባባቸው ጨረታዎች ስንት ተጫራቾች እንደቀረቡ፣ ከዚያ በፊት በነበረው ተመሳሳይ ጨረታስ ስንት እንደነበሩ ቢጠይቅ ጠቃሚ መረጃ ይሰበስባል።

የሚመልሰው ማን ነው? ያልመለሰውስ?

መጠይቁ በመሸኛ ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ መድረሱ የአሠራር ግዴታ ነው። ሆኖም መልሱን የሚያውቀው ሰነዱን ያዘጋጀው የግዥ ባለሙያና ዝርዝር መግለጫውን የጻፈው የሥራ ክፍል ነው። መጠይቁ በሕዝብ ግንኙነት ወይም በዕቅድ ክፍል በኩል ብቻ ተሞልቶ ሲመለስ የሚያንጸባርቀው ዕቅዱን እንጂ ግዥውን አይሆንም። ስለዚህ ጥያቄዎቹ ለማን እንደሆኑ በመጠይቁ ላይ በግልጽ መጻፍ ይገባል፤ “አላውቅም” እና “መረጃው አልተመዘገበም” የሚሉ አማራጮችም ያለ ምንም ነቀፌታ መኖር አለባቸው። መረጃው አለመመዝገቡ ራሱ አንድ ግኝት ነው።

የናሙናው አመራረጥም እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። አንድ የፌዴራል ሚኒስቴር፣ አንድ ዩኒቨርሲቲ፣ አንድ ሆስፒታልና አንድ የወረዳ ጽሕፈት ቤት የሚገዙት ነገር፣ ያላቸው የሰው ኃይልና የግዥ መጠን የተለያየ ነው። ሁሉንም በአንድ አማካይ ውስጥ ከመጨመር ይልቅ በየመደቡ ለይቶ ማየት ይመረጣል። መጠይቁን ያልመለሱትን መርሳትም አደገኛ ነው። በጎ ፈቃድ ላይ በተመሠረተ ዳሰሳ ቶሎ የሚመልሱት ብዙውን ጊዜ የሚያሳዩት ነገር ያላቸው ናቸው። ከ100 መሥሪያ ቤቶች 35ቱ ብቻ መልሰው ከእነርሱ ውስጥ ግማሾቹ አረንጓዴ መስፈርት እንጠቀማለን ቢሉ፣ ይህ “ግማሹ መንግሥት አረንጓዴ ይገዛል” ማለት አይደለም። ያልመለሱት ጥቂቶቹ በስልክ ወይም በአካል ተጠይቀው ውጤቱ ሊነጻጸር ይገባል።

የመልሱ ሐቀኝነት በአብዛኛው የሚወሰነው ውጤቱ ለምን እንደሚውል ምላሽ ሰጪው በሚያምነው ነገር ነው። የዳሰሳ ጥናት ደረጃ ማውጫና ተጠያቂ መፈለጊያ ከሆነ የሚሰበስበው የተዋበ መልስ ነው። ቁጥጥርና ኦዲት የራሳቸው ሕጋዊ መንገድ አላቸው፤ ዳሰሳው ከእነርሱ ተለይቶ መቆም ይኖርበታል።

ኢትዮጵያ የምትለካበት

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም። አገሪቱ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ባደረገችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ እ.ኤ.አ. በ2030 ዓመታዊ የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀቷን በ150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ለመወሰን አቅዳለች፤ በነበረው አካሄድ ቢቀጠል ልቀቱ ወደ 400 ሚሊዮን ቶን እንደሚደርስ ተገምቶ ነበር። ከኤሌክትሪክ ኃይሏ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ከውኃ የሚመነጭ በመሆኑም፣ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከተወሰነ ወዲህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የሚገዟቸው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በእርግጥም የልቀት ቅነሳ ያመጣሉ። ኤሌክትሪኩ ከድንጋይ ከሰል በሚገኝባቸው አገሮች ጥቅሙ ይህን ያህል አይሆንም። ይሁን እንጂ አገልግሎቱን የጨረሰ ባትሪ ማን እንደሚረከብ በግዥ ውሉ ካልተወሰነ ችግሩ ከጭስ ማውጫው ወደ ግቢው ጥግ ተዛወረ ማለት ነው፤ አሮጌ ኮምፒውተሮችና ፎቶ ኮፒ ማሽኖች በየመሥሪያ ቤቱ ግምጃ ቤት ተከምረው የሚታዩትም ከዚሁ የተነሣ ነው።

በዓለም አቀፍ ደረጃ ከዘላቂ ልማት ግቦች መካከል ዒላማ 12.7 አገሮች ዘላቂ የመንግሥት ግዥን እንዲያስፋፉ ይጠይቃል። አፈጻጸሙን የሚከታተለው የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ሲሆን፣ መረጃውን የሚሰበስበውም ለመንግሥታት በሚልከው መጠይቅ ነው። የአቆጣጠሩ ስልት ትኩረት የሚስብ ነው። በመጀመሪያ አገሪቱ ዘላቂ ግዥን የሚመለከት ፖሊሲ ወይም የድርጊት መርሐ ግብር አላት ወይ ተብሎ ይጠየቃል፤ መልሱ ዜሮ ወይም አንድ ነው። ከዚያ የሕግ ማዕቀፉ፣ ለግዥ ባለሙያዎች የሚሰጠው ድጋፍ፣ የተዘጋጁት መስፈርቶች፣ የክትትል ሥርዓቱና በተግባር የተፈጸመው ግዥ ድርሻ ይደመራሉ፤ ድምሩም በመጀመሪያው መልስ ይባዛል። በመሆኑም መሥሪያ ቤቶቿ በየፊናቸው መልካም ሥራ ቢሠሩም የተጻፈ ፖሊሲ የሌላት አገር ውጤቷ ዜሮ ነው። ይህ ስሌት ወረቀትን ከተግባር ያስቀድማል ብሎ መተቸት ይቻላል፤ ሆኖም መነሻ ሰነድ ከሌለ መልካሙ ሥራ ሠራተኛው ሲዛወር አብሮ እንደሚሄድ ከልምድ የሚታወቅ ነው።

አንዳንድ አገሮች ደግሞ ከዳሰሳ ወደ መደበኛ ሪፖርት ተሸጋግረዋል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2000 ባወጣችው ሕግ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በየዓመቱ የአረንጓዴ ግዥ ዕቅድ እንዲያወጡና ውጤቱን ለአካባቢ ሚኒስትሩ እንዲያሳውቁ ታስገድዳለች። ደቡብ ኮሪያም እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕጓ ተመሳሳይ ግዴታ ጥላለች። በኢትዮጵያ በደረጃ እየተስፋፋ ያለው የኤሌክትሮኒክ መንግሥት ግዥ ሥርዓትም ለዚህ የሚሆን ዕድል ይዟል። ጨረታው፣ ግምገማውና ውሉ በሥርዓቱ ውስጥ የሚያልፉ ከሆነ፣ ሰነዱ ሲዘጋጅ የአካባቢ መስፈርት መኖር አለመኖሩን የሚመዘግብ አንድ መስክ መጨመሩ ብቻ ዛሬ በመጠይቅ የሚለቀመውን አብዛኛውን መረጃ ያለ ተጨማሪ ድካም ያስገኛል። ለብዙ መሥሪያ ቤቶች በጋራ የሚፈጸሙት የማዕቀፍ ስምምነት ግዥዎች ከሁሉ በፊት ሊጀመርባቸው የሚችሉ ናቸው፤ በአንድ ዝርዝር መግለጫ ላይ የሚደረግ ማሻሻያ በመቶ የሚቆጠሩ መሥሪያ ቤቶችን ይደርሳልና።

እስከዚያው ድረስ መጠይቅ የሚደርሰው መሥሪያ ቤት መልሱን ከመሙላቱ በፊት ያለፈው በጀት ዓመት የውል ፋይሎችን፣ የጨረታ ሰነዶቹን ቅጂና የርክክብ ሰነዶቹን በአንድ ላይ ቢያወጣ ሥራው ይቀለዋል። የግዥ ክፍሉ፣ ዕቃውን የሚጠቀመው የሥራ ክፍልና ንብረት ክፍሉ አብረው ቢቀመጡ ደግሞ የተሻለ ነው። በፋይሉ ውስጥ ምንም አረንጓዴ መስፈርት ካልተገኘ፣ “የለም” ብሎ መጻፍና ምክንያቱን በሁለትና በሦስት መስመር ማስረዳት ሙሉ መልስ ነው።